ባሕሩ የሚሸሽበት ሰዓት

ሽሊረን፣ ሐሙስ

ዙሪክ አጠገብ ካለችው ሽሊረን የተነሳሁት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ከሥራ ወጥቼ ልብስ ከቀየርኩ በኋላ ነው። ጉዞዬ ወደ ፈረንሳይ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ብሪታኝ ወደሚባለው አገር ነበር። እዚያ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ሲሸሽም ድንጋዮቹ መሀል ትንንሽ ኩሬዎች ትቶ ይሄዳል። እኔ የምፈልገው በነዚያ ኩሬዎች ውስጥ የሚኖሩትን እንስሳት ፎቶ ማንሳት ነበር። ለምን እንደፈለግሁ መጀመሪያ ላስረዳ።

አገር ቤት ባዮሎጂ ተምሬያለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ በኩሬ ውስጥ ስለሚኖሩ አከርካሪ አልባ እንስሳት ነበር። እዚህ ግን ላለፉት አራት ዓመታት ኦፕፊኮን ውስጥ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ አንድ ሆቴል ክፍል አጸዳለሁ። በዕረፍት ቀኔ ያገለገለ ካሜራ ይዤ ሊማት ወንዝ ዳር ነፍሳት አነሳለሁ። ክረምቱ ሲወጣ ዙሪክ የሚገኝ አንድ የእንስሳት ናሙና ስብስብ ለአንድ ዓመት ፕራክቲኩም፣ ማለትም ለሥራ ልምምድ፣ ሰው እንደሚፈልግ አስታወቀ። ሥራው ለትምህርት ቤቶች የባሕር ዳርቻ እንስሳትን ሥዕል ማዘጋጀት ነው። አመለከትኩ፤ ለመጨረሻው ዙር ከቀረቡት ሦስት ሰዎች አንዷም ሆንኩ። ፈተናው አጭር ነበር፦ ባሕሩ ትቶት በሄደ ኩሬ ውስጥ የተነሱ የአምስት ሕያዋን እንስሳት ፎቶ፣ እንስሳቱ ከቦታቸው ሳይነኩ፣ እስከ ሰኞ እኩለ ቀን ድረስ።

የመኖሪያ ፈቃዴ ባለፈው ዓመት ወደ «ቤ» ባይቀየር ኖሮ ድንበር መሻገር ስለማልችል ፈተናውን ገና ከመነሻው እተወው ነበር። አሁን ለስደተኛ የሚሰጠው ሰማያዊ የጉዞ ሰነድ አለኝ። ዓርብንና ቅዳሜን ፈቃድ ወሰድኩ። እሑድ ጧት ሥራ እገባለሁ። የካሜራውን ባትሪ ሦስት ጊዜ አየሁት፤ በር ከቆለፍኩ በኋላ ተመልሼ አራተኛ አየሁት። ከዚያ ኤስ ባን በሚባለው የከተማ ባቡር ወደ ዙሪክ ዋና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ጄኔቫ። ባቡሩ ሎዛን ሲደርስ ሐይቁ በግራ በኩል ብቅ ይላል። ሰዉ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ አነሳው፤ እኔ የትኬቴን ቀን ደግሜ አየሁ።

ካሩዥ፣ ሐሙስ ምሽት

ጄኔቫ ያረፍኩት እትዬ ፀሐይ ዘንድ ነው። የእናቴ የትምህርት ቤት ጓደኛ ናቸው። በደርግ ጊዜ ወጥተው እዚህ ሆስፒታል ወጥ ቤት ሲሠሩ ኖረው፣ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ካሩዥ በሚባለው የከተማው ክፍል ከትራሙ ፌርማታ ሁለት ደቂቃ በማይሞላ መንገድ፣ አንድ ጫማ ጠጋኝ ቤት ፎቅ ላይ ይኖራሉ። እንጀራ የምታመጣላቸው ሴት ስለቀረች ሽሮውን በዳቦ በላን።

«ኒስ ባሕር አይደለም እንዴ?» አሉኝ። «ኒስ እዚሁ ታች ነው። ምን ቆርጦሽ ነው ፈረንሳይን ከጫፍ እስከ ጫፍ የምታቋርጪው?»

«የኒስ ባሕር ብዙም አይሸሽም፣ እትዬ።»

«ባሕር ደግሞ ወዴት ይሸሻል?»

«በቀን ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከዚያ ይመለሳል።»

«ሥራ የለው!» አሉና ሽሮ ጨመሩልኝ።

ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት ገጽ ውኃው በጣም የሚጎድልባቸውን ቀናት እንጂ ሰዓቱን አይናገርም ነበር። ሰዓቱ ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው ስለሚለያይ እዚያው የሚኖር ሰው መጠየቅ ይሻላል ብዬ አስቤ ነበር። ችግሩ ፈረንሳይኛዬ ደካማ መሆኑ ነው። ጀርመንኛ እንኳ ቢሆን ስልክ አንስቶ ከማላውቀው ሰው ጋር ማውራት አልወድም። እትዬ ፀሐይ ይህን ሳልነግራቸው ገባቸው። ብሪታኝ ውስጥ ክፍል ያከራየችኝን ሴትዮ ቁጥር ከእጄ ወስደው ደወሉ።

«አሎ! ቦንዡር ማዳም!» ጮክ ብለው ነው የሚያወሩት፤ ድምፃቸው በስልኩ ሳይሆን በመስኮቱ በኩል ብሪታኝ የሚደርስ ይመስላቸዋል። ስለ ክፍሉ፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ሴትዮዋ ጉልበት ሕመም ተነጋገሩ። እንዲያ እያወሩ የመድኃኒት ቤት ከረጢት ጀርባ ላይ ጻፉልኝ፦ «ቅዳሜ 7፡20 ውኃው ፈጽሞ ይሄዳል። ቦት ጫማ ታድርግ። ድንጋይ ካነሳች ትመልስ።»

7፡20 በጣም ጥሩ ሰዓት ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ የጧት ብርሃን ለስላሳ ነው። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሆኜ በስልኬ የመመለሻ ትኬቴን ቆረጥኩ፤ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የሚነሳ አውቶቡስ፣ ከዚያ ባቡር፣ ማታ ዙሪክ። ውኃው ከጎደለ በኋላ አራት ሰዓት ያህል ይተርፈኛል። እሑድ ጧት ሥራዬ ላይ ነኝ። ርካሹን ትኬት ስለወሰድኩ የማይለወጥ ነበር።

ዓርብ፣ መንገድ

ከጄኔቫ እስከ ፓሪስ ሦስት ሰዓት ከምናምን ነው። ፓሪስ ላይ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው በሜትሮ መሻገር አለ። ሰው መጠየቅ ስለማልወድ ምልክት እያነበብኩ አንዱን የከርሰ ምድር መተላለፊያ ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ባቡሩ ሊነሳ አራት ደቂቃ ሲቀረው ደረስኩ። ከፓሪስ በኋላ አገሩ ሜዳ ነው፤ ስንዴ፣ ላም፣ ደግሞ ስንዴ። ሞርሌ ከተማ ላይ ከባቡር ወርጄ በአውቶቡስ ወደ ሮስኮፍ አቅጣጫ ሄድኩ። በመንገዱ ግራና ቀኝ የአርቲቾክ እርሻ ነው። ከአፈሩ ሽታ በታች ሌላ ሽታ አለ፤ ጨውና የበሰበሰ ሣር የተቀላቀለ።

ቤቱ ከባሕሩ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ክፍሉ ስልሳ ዩሮ፣ ቁርስን ጨምሮ። አከራዬ ጉልበቷን እየያዘች ደረጃውን አሳየችኝ፤ ስለ ማዳም ፀሐይም ጤና ጠየቀችኝ። ቦት ጫማ አዋሰችኝ። ስለ ነገው ውኃ ምንም አልጠየቅኋትም። ሰዓቱን በጽሑፍ ይዣለሁ፤ ደግሜ ብጠይቅ እትዬ ፀሐይን ያላመንኩ ይመስላል ብዬ ነው።

ቅዳሜ ጧት

ከጧቱ አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ ገና ሰው ሳይነቃ ወጣሁ። ካሜራውን፣ የውኃ ነጸብራቅ የሚቀንሰውን ጥቁር መስታወትና ጥላ ለመሥራት የሚሆን ጥቁር ዣንጥላ ይዣለሁ። በእነሱ 7፡20፣ በእኛ ከጧቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ዳርቻው ግንብ ላይ ቆሜያለሁ።

ባሕሩ አልሸሸም። ግንቡን ይመታው ነበር። የአንዱ ማዕበል ፍንጣቂ ቦት ጫማዬ ላይ አረፈ። አንድም ድንጋይ አይታይም።

የመጀመሪያው ሐሳቤ ቦታ ተሳስቻለሁ የሚል ነበር። ግንቡን ተከትዬ እስከ ጫፍ ሄጄ ተመለስኩ። ሁለተኛው ሐሳቤ ቀኑን ተሳስቻለሁ የሚል ነበር፤ ገጹን ከፍቼ አየሁት፣ ቀኑ ትክክል ነው። ከዚያ ግንቡ ላይ ተቀመጥኩ። ማልቀስ አልፈልግም ነበር፤ አላለቀስኩም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግንቡ ላይ የእርጥበት መስመር አየሁ፤ ውኃው ከመስመሩ በታች አንድ ክንድ ያህል ወርዷል። እየጎደለ ነው ማለት ነው። ግን ገና መጀመሩ ነው።

ከጧቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ አንዲት አሮጊት ባልዲና መቆስቆሻ የመሰለ ነገር ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ኢቮን እንደምትባል በኋላ ነገረችኝ። ዛጎል ለቃሚ ናት። አንድ የፈረንሳይኛ ዓረፍተ ነገር በሐሳቤ ሠርቼ፣ አርሜ፣ እንደገና ሠርቼ በመጨረሻ ተናገርኩት።

«ውኃው በሙሉ የሚወርደው መቼ ነው?»

«በአሥራ ሦስት ሰዓት ከሃያ» አለች፤ እየሳቀችም «አንቺ ማልደሻል» አለችኝ።

ከአሥራ ሦስት ስድስት ሲቀነስ ሰባት። ሰባት ሰዓት ከሃያ። የቀን።

እትዬ ፀሐይ ጋ ደወልኩ። በመጀመሪያው ጥሪ አነሱት።

«እንዴት ሆነልሽ? ሸሸ?»

«እትዬ፣ ሰባት ሰዓት ከሃያ ብለው የጻፉልኝ በእኛ ነው?»

«በማን ይሆናል ታዲያ? በአማርኛ አይደል የጻፍኩልሽ!» ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «አንቺ ልጅ፣ የጧት መሰለሽ?»

«የጧት መሰለኝ።»

«አርባ ዓመት እዚህ ስኖር በአማርኛ ሳወራ አንድ ቀን በፈረንጅ ሰዓት ተናግሬ አላውቅም! ሰባት ሰዓት ምሳ ነው! ልጅ ሁሉ ምሳውን የሚበላበት ሰዓት!» ከዚያ ቀስ ብለው «ታዲያ የቀን ነው የጧት ብለሽ አትጠይቂኝም ነበር? አጠገቤ ተቀምጠሽ» አሉ።

እኛ ሽሊረን ያለን ወጣቶች ከመጣን ገና ጥቂት ዓመታችን ነው፤ ግን በአማርኛ ስናወራ እንኳ ሰዓት የምንቆጥረው በእነሱ ነው፤ ባቡሩም ሥራውም በእነሱ ስለሆነ። ከእኛ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቀድመው የወጡት እትዬ ፀሐይ ግን የያዙትን አልለቀቁም። ይህን አውቅ ነበር። ደግሞ ባሕሩ ከሙላት እስከ ጉድለት የሚወስደው ጊዜ ስድስት ሰዓት ያህል ነው፤ በእኛና በእነሱ ሰዓት መካከል ያለው ልዩነትም ስድስት። ልዩነቱ ሦስት ቢሆን ኖሮ ግማሹን አገኝ ነበር። ስድስት ስለሆነ ግን የደረስኩት ውኃው ከሁሉ በላይ በሞላበት ሰዓት ነው።

አውቶቡሱ የሚነሳው በእኛ አምስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ነበር። ብሄድበት እሑድ ሥራዬ ላይ እገኛለሁ፤ ለሰኞ የምልከው ግን የለኝም። ብቀር ፎቶዎቹ ይኖሩኛል፤ እሑድ ጧት ግን የሚተካኝ ሰው ማግኘት አለብኝ። በአራት ዓመት ውስጥ አርፍጄ አላውቅም። ተኩኝ ብዬም አላውቅም። ስልኩን በእጄ እንደያዝኩ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ሃያት ጋ ደወልኩ። እሷ እኔ በማጸዳበት ሆቴል አንድ ፎቅ ላይ አብራኝ የምትሠራ፣ ከኮምቦልቻ የመጣች ልጅ ናት። እሑድ ዕረፍቷ ነው።

«ማሂ? ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተም።»

«ደውለሽልኝ አታውቂማ! መልእክት እንኳ ስትጽፊ 'ከተመቸሽ' ብለሽ ነው የምትጀምሪው። ምን ሆነሽ ነው?»

ነገርኳት። ሰዓቱ ላይ ስደርስ ስልኩን ከጆሮዬ እስካርቅ ድረስ ሳቀች።

«እና እሑድ ልተካሽ?»

«ከተመቸሽ።»

«ይኸው ጀመረች! አልተመቸኝም። የእህቴ ልጅ ልደት አለ። ግን ጧት ሠርቼ እደርሳለሁ።» ከዚያ ሳቁ ቆመ። «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ማሂ? እኔ ስንት ቀን 'ተኪኝ' ብዬሽ ተክተሽኛል። አንቺ አንድ ቀን ጠይቀሽኝ አታውቂም። ነግሬሽ አላውቅም እንጂ ይከፋኝ ነበር። እንደ ሰው የማትቆጥሪኝ ይመስለኝ ነበር።»

ምን እንዳልኳት በትክክል አላስታውስም። ይቅርታ ያልኩ ይመስለኛል። ለኃላፊያችንም ጻፍኩ። አምስት መስመር ማብራሪያ ነበር። የመለሰልኝ «ኦካይ» ብሎ ነው።

አውቶቡሱ ከላይ ባለው መንገድ አለፈ። ኢቮን ተነስታ ባልዲዋን አነሳች። «ነይ» አለችኝ።

ኩሬዎቹ

ውኃው ሲወርድ መጀመሪያ የሚታየው ጥቁሩ ድንጋይ ነው፤ ቀጥሎ ቡናማው የባሕር ሣር። ሣሩ ተኝቷል፤ ሲረግጡት እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ከሣሩ በታች ደግሞ ኩሬዎቹ አሉ። አንዳንዱ ሰው የሚዋኝበት ያህል ነው፤ አንዳንዱ ከልብስ ማጠቢያ ሳፋ አይበልጥም። ትልልቆቹን ትቼ ሳፋ የምታክለዋን መረጥኩ። በሆዴ ድንጋዩ ላይ ተኝቼ ፊቴን ወደ ውኃው አስጠጋሁ።

መጀመሪያ ምንም አይታይም። ራሴን ብቻ ነው ያየሁት፤ ሰማዩም ከጀርባዬ አለ። ዣንጥላውን ስዘረጋ ሰማዩ ጠፋና የኩሬው ወለል ታየ። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። ሁለት ሦስት ደቂቃ ካልተንቀሳቀስኩ ድንጋይ የመሰለው ነገር መራመድ ይጀምራል።

የመጀመሪያው ፎቶዬ ድንጋዩ ላይ የተጣበቀ፣ ባርኔጣ የመሰለ ቅርፊት ያለው እንስሳ ነው። ሁለተኛው፣ ከውኃ ውጪ ሲሆን የተቆረጠ ቲማቲም የሚመስል፣ ውኃ ውስጥ ግን ጣቶቹን እንደ አበባ የሚከፍት ቀይ እንስሳ። ሦስተኛው የሌላ እንስሳ ቅርፊት ለብሶ የሚኖር ትንሽ ሸርጣን ነው፤ ቤቱ ጠቦት እግሮቹ ውጪ ቀርተዋል። አራተኛው፣ የኩሬዋ ጠርዝ ላይ የተለጠፈ ግልጽ አካል ያለው ሽሪምፕ። እስከዚህ ድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። አንገቴ ደነዘዘ።

ኢቮን ከታች ተመልሳ ባልዲዋን አስቀመጠች። እያንዳንዱን ዛጎል በብረት መለኪያ እየለካች ትንንሾቹን ትመልሳለች። እኔ አንድ ድንጋይ አንስቼ ሥሩን አይቼ ዘወር ስል ጮኸችብኝ።

«ድንጋዩን መልሽ! በዚያው ጎኑ! ጣሪያቸው ነው!»

መለስኩት። ተጸጽታ መሰለኝ፣ ከኋላዬ ካለ ኩሬ አንድ የባሕር ኮከብ አንስታ፣ መሀል መዳፌን የምታክል ብርቱካናማ፣ እኔ ፊት ለፊት ውኃው ውስጥ አስቀመጠችልኝ። «ይኸው! ቆንጆዋን አንሺ!» አለች። ቆንጆ ናት። ከልማድ ብዛት ይሁን ከደስታ ፎቶ አነሳኋት። ከቀኑ ፎቶዎች ሁሉ የበለጠው እሱ ነበር፤ ብርሃኑ ሳይቀር። አምስት ሞላ።

ግን ከቦታዋ ተነስታለች። ማንም አያውቅም፤ እኔ አውቃለሁ። ኢቮንን በተሰባበረ ፈረንሳይኛ «ወደ ቤቷ ትመለስ» አልኳት። ሳቀችና መለሰቻት።

ውኃው መመለስ ጀምሮ ነበር። ሳፋዋ ኩሬ ውስጥ ካለው ስንጥቅ አንድ ጊዜ የዓሣ ራስ ብቅ ሲል አይቼ ነበር፤ ጣቴን የሚያክል፣ ዓይኑ ከራሱ ላይ የወጣ። አምስተኛዬ እሱ መሆን አለበት። «ዣንጥላውን ትይዢልኛለሽ?» አልኳት ኢቮንን። ያን ቀን ሰው አንድ ነገር እንዲያደርግልኝ ስጠይቅ ይህ ሦስተኛዬ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን በሐሳቤ አላረምኩትም። በጉልበቷ ተንበርክካ ያዘችልኝ።

ጠበቅን። ኢቮን ስለ ሟች ባሏ፣ ስለ ጎረቤቷ ውሻ በጆሮዬ ትተርክልኛለች፤ ግማሹን ነው የሰማሁት። ከሩቅ የነበረው የውኃ ድምፅ ቀረበ። ቦት ጫማዬ ሥር ቀዝቃዛ ነገር ገባ።

«ተነሺ» አለች።

«አንድ ደቂቃ።»

«ባሕሩ ደቂቃ አያውቅም፣ ልጄ፣ ተነሺ!»

ያኔ ወጣ። ራሱን እስከ አንገቱ አወጣ፣ ቀና ብሎ አየኝ። ሦስት ጊዜ አነሳሁ። አራተኛውን ሳነሳ ማዕበሉ ኩሬዋ ላይ ፈሰሰና ሁሉም ነጭ አረፋ ሆነ። ኢቮን በክንዴ ጎትታ አነሳችኝ። እስከ ጉልበታችን ረጥበን ግንቡ ላይ ደረስን። ዣንጥላዬን አልለቀቀችውም።

መመለሻ

አከራዬ ክፍሉን ለአንድ ሌሊት ጨመረችልኝ። አልጋው ላይ ካሜራውን ከፍቼ አየሁ። ከሦስቱ የዓሣ ፎቶዎች ሁለቱ ደብዛዛ ናቸው። አንዱ ጥርት ያለ ነው። የባሕር ኮከቧን ፎቶ ለራሴ አስቀመጥኳት።

እሑድ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወጣሁ፤ ፓሪስ ላይ የሜትሮውን መንገድ አንዲት ሴት ጠይቄ በአሥራ አምስት ደቂቃ ተሻገርኩ። በቀጥታ በባዝል በኩል ስለተመለስኩ ጄኔቫ አላለፍኩም። ለእትዬ ፀሐይ ከባቡር ውስጥ ደውዬ አምስቱንም እንስሳት አንድ በአንድ ነገርኳቸው። «ሸርጣኑ የሰው ቤት ተከራይቶ ነው?» ብለው ሳቁ። ሽሊረን ስደርስ ገና አልመሸም ነበር። ፎቶዎቹን ሰኞ ረፋድ ላይ ላክሁ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ስለ ባሕር ብዙ አይደለም። ጠንቃቃ ሰው ነኝ ብዬ አምን ነበር። ባትሪ አራት ጊዜ አያለሁ፣ ትኬት ደጋግሜ አነባለሁ። ያ ሁሉ ዕቃ መፈተሽ ነው። ሰው መጠየቅ ግን አስቸጋሪ መሆን፣ ማስቸገር ይመስለኝ ነበር። ሃያት እስክትነግረኝ ድረስ አለመጠየቅ ሰውን ሊያስከፋ እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የሆቴሉን አንሶላ ስቀይር ስልኬ ጠራ። የስብስቡ ኃላፊ ነበረች። ፕራክቲኩሙ ለእኔ መሰጠቱን ነገረችኝ፤ የዓሣው ዓይን ደስ እንዳላትም ጨመረች። ለመፈረም ረቡዕ በዘጠኝ ሰዓት እንድመጣ አለችኝ።

«የጧቱ ዘጠኝ?» አልኳት።

«እኛ ማታ አንከፍትም» አለች፤ እየሳቀች።

«አመሰግናለሁ» አልኩ፣ ትራሱን ብብቴ ሥር ይዤ። ከዚያ በመዳፌ ላይ ጻፍኩት፦ ረቡዕ፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት።